የሚያሳክክ ቆዳና የጓዳ መድኃኒት፤ አጭር የታሪክ ሐተታ

የአገራችን ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ዘመቻና ስለ ሹም ሽር፥ ስለ ረኃብና ስለ ቸነፈር ብዙ ጽፈውልናል። ስለሚያሳክክ ቆዳ የጻፈ ግን ጥቂት ነው። እከክ ሰውን እንቅልፍ ይነሣዋል እንጂ ወዲያው አይገድለውም፤ የማይገድል በሽታም ለዜና መዋዕል አይበቃም። ይሁን እንጂ በየቤቱ ከትልቁም ከትንሹም ጋር አብሮ የኖረ ሕመም ስለ ሆነ ቋንቋችን አልረሳውም። እከክ፥ ችፌ፥ ጭርት፥ ቋቁቻ፥ ቆረቆር፥ ምች፥ አልማዝ ባለጭራ እያለ ለየዓይነቱ ስም አውጥቶለታል። ተረቱም «እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሣም» ይላል። ሕዝቡ ግን በጥፍር ብቻ አልተወሰነም፤ ቅቤውን፥ ቅጠሉን፥ ድኙን፥ ፍል ውሃውን ሁሉ ሞክሯል። በዚህ ሐተታ ለመመልከት ያሰብነው ይህን የጓዳ መድኃኒት ማን እንደ ያዘውና በዛሬው ዕውቀት ሲመዘን የትኛው ጸንቶ የትኛው እንደሚወድቅ ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ወደ ታሪክ መጽሐፍ ለመግባት የበቃው የቆዳ ሕመም የንጉሥ ሕመም ነው፤ ይህም አያስገርምም። ከ1682 እስከ 1706 የነገሡት አድያም ሰገድ ኢያሱ ቆዳቸውን ታመው ነበር። ሀጂ ዐሊ የሚባል መልእክተኛቸው ካይሮ ወርዶ ሐኪም ሲፈልግ፥ በዚያ ከተማ የተቀመጠውን ፈረንሳዊ ሐኪም ሻርል ዣክ ፖንሴን አገኘ። ፖንሴ በጁን 10 ቀን 1698 ከካይሮ ተነሥቶ በዶንጎላና በሰናር በኩል ተጉዞ ጎንደር የገባው በጁላይ 21 ቀን 1699 ነው። እንደ አገልጋይ መስሎ አብሮት የመጣው ኢየሱሳዊው ካህን ብሬቨዳን ጎንደርን ሳያይ መንገድ ላይ ሞተ። እንግዲህ አንድ የቆዳ ሕመም ለማከም ከዓመት በላይ መንገድ ተሄደ፥ የሰው ሕይወትም ጠፋ ማለት ነው። ፖንሴ እንደ ጻፈው ሕክምናው ተሳክቶ ንጉሡ ድነዋል፤ እርሱም በሜይ 1700 ከጎንደር ወጣ። የጉዞው ታሪክ በ1704 ፓሪስ ላይ ሲታተም ብዙ ሰው ጎንደር መድረሱን ራሱ ተጠራጠረ። ከሰባ ዓመት በኋላ አገራችንን ያየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን ፖንሴ እውነተኛ መሆኑን መስክሮለታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጎንደር ያን ጊዜ የሊቃውንት ከተማ ነበረች፤ መጽሐፈ መድኃኒት የሚገለብጡ ደብተሮች ሞልተውባታል፤ በየቤቱም ቅቤ የምታነጥር፥ ቅጠል የምትጨምቅ እናት አለች። ታዲያ ንጉሡ ስለ ቆዳ ሕመም እስከ ካይሮ ለምን ላኩ? ለዚህ መልስ የሚሰጠን ራሱ ብሩስ ይመስለናል፤ ሕመሙ ወደ ቁምጥና እንዳይለወጥ ያስፈራ እንደ ነበረ ጽፏልና። ቁምጥና የሚለው ቃል ሲሰማ የጓዳው መድኃኒት ሁሉ ያንሳል።

ይህ ፍርሃት በንጉሥ ቤት ብቻ የቀረ አይደለም። ቋቁቻ የወጣባት ልጃገረድ፥ ለምጽ የታየበት ጎልማሳ፥ ችፌ ያቆሰለው ሕፃን ሁሉ «የዘር ነው» ተብለው በጎረቤት ዓይን ሲታዩ ኖረዋል። ነገሩ የሚያሳዝነው መለያው ቀላል ስለ ሆነ ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን የቁምጥናን ባክቴሪያ በ1873 ካገኘ ወዲህ በሽታው ምን እንደሚያደርግ በሚገባ ታውቋል፤ ነርቭን ስለሚጎዳ በቆዳ ላይ የሚያወጣው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የደነዘዘ ነው። አያሳክክም፤ በላባ ቢነኩት አይሰማም። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ የሚያሳክክ ሽፍታ ባለቤቱን ቢያሰቃየውም፥ ሰው እንደሚፈራው የቁምጥና ምልክት ሆኖ የሚገኘው እምብዛም ነው። በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት የተባለው ማእከል ሥራው ቁምጥናን ማከምና ሐኪሞችን ማሠልጠን ሲሆን፥ ችፌና ጭርትን የመሰለ ሌላ የቆዳ ሕመም ያለባቸውንም ብዙ ሰዎች ያክማል። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለቱን ለይቶ ማየት ለአያቶቻችን ያልተሰጠ ዕድል ነበር።

አሁን ወደ እከክ እንመለስ። የአውሮፓ ሕክምናስ በዚያ ዘመን ምን ያህል ያውቅ ነበር? የሀጂ ዐሊ ወደ ካይሮ መውረድ ከመሰማቱ ዐሥራ አንድ ዓመት አስቀድሞ፥ በ1687፥ ጆቫን ኮዚሞ ቦኖሞ የተባለ ኢጣልያዊ ሐኪም ከመድኃኒት ቀማሚው ከቼስቶኒ ጋር ሆኖ ያገኘውን ለሊቁ ለፍራንቼስኮ ሬዲ በደብዳቤ ገለጸ። የእከክ ምክንያት የደም መበላሸት ሳይሆን በዓይን ለማየት የምታስቸግር፥ በቆዳ ውስጥ ዋሻ ሠርታ የምትኖር አንዲት ተባይ ናት አለ። እኛን ከግኝቱ ይበልጥ የሳበን ወደ ግኝቱ የመራው ነገር ነው። ቦኖሞ ድሆች እናቶች በእከክ ከተያዙት ልጆቻቸው ገላ ላይ፥ ውሃ የቋጠረውን ብጉር በመርፌ ጫፍ እየወጉ አንዳች ነገር ሲያወጡና እንደ ቁንጫ በጥፍራቸው ሲደፈጥጡ አየ። እርሱም የወጣውን ነገር በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። የሐኪሙ ድርሻ መነጽሩ ነበር፤ መርፌው የእናቶች ነው።

አሳዛኙ ነገር ሊቃውንቱ ይህን ደብዳቤ ወደ ጎን ማለታቸው ነው። የጥንቱ ትምህርት ማሳከክን ሁሉ በደምና በሐሞት መዛባት ይተረጉም ስለ ነበር ተባይዋ ቦታ አጣች። በ1812 ጋሌስ የሚባል የፓሪስ ተማሪ አገኘኋት ብሎ የምረቃ ጽሑፍ ጻፈ፥ ተመሰገነም፤ ኋላ ሲመረመር ግን የሣለው ሥዕል የአይብ ተባይ ሥዕል ሆኖ ተገኘ። (ለምረቃ ጽሑፍ የምንቻኮል ሁሉ ይህን ልብ ብንል አይከፋም።) እውነተኛዋን ተባይ ለፓሪስ ሐኪሞች በ1834 በሴን ሉዊ ሆስፒታል አውጥቶ ያሳየው ሌላ ተማሪ፥ የኮርሲካ ተወላጁ ሬኑቺ ነው። ከየት ተማርክ ቢባል፥ በአገሩ የገጠር ሴቶች ሲያወጡ አይቶ እንደ ሆነ መለሰ። እንግዲህ ከቦኖሞ እስከ ሬኑቺ መቶ አርባ ሰባት ዓመት ያህል ትምህርት ቤቱ የካደውን ጓዳው ያውቅ ነበር። የኛም አገር እናት ከልጅዋ እግር ሙጀሌን በመርፌ ስታወጣ ያየ ሰው ይህን ታሪክ ለማመን አይቸገርም።

በኢትዮጵያም ዕውቀቱ በሁለት እጅ ተይዞ ኖሯል። አንደኛው የደብተራው ብራና ነው። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1930 የአንድ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ ተርጉሞ አሳተመ፤ ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲንም የኢትዮጵያን የሕክምና መጻሕፍት በ1968ና በ1973 በሁለት ጥራዝ አውጥቶልናል። በእነዚህ ውስጥ ዕፁ ከአስማቱ ጋር ተቀላቅሎ፥ የቆዳ ሕመምም ከሌላው ሁሉ ጋር ተደርድሮ ይገኛል። ሁለተኛው እጅ የእናት ነው፤ ይህ ብራና አልጠየቀም፥ ስለዚህም አሳታሚ አላገኘም። ደብተራው መድኃኒቱን ምስጢር አድርጎ ሲይዝ፥ የጓዳው መድኃኒት ግን ጎረቤት ለጎረቤት በአጥር ላይ የምትቀባበለው ነበር። በኛ አስተያየት ለማሳከክ ሕመም ዋናው ሐኪም ይህች ሁለተኛይቱ ናት፤ ሰው ስላሳከከው ብቻ ደብተራ ዘንድ እጅ መንሻ ይዞ አይሄድምና።

ከጓዳው ዕቃ ሁሉ የሚቀድመው ቅቤ ነው። የውጭ አገር መንገደኞች ስለ ኢትዮጵያውያን ቅቤ መቀባት ሲጽፉ አብዛኞቹ አፍንጫቸውን ይዘው ነው። ከ1843 እስከ 1846 በአገራችን የኖረው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ግን እንደ አገሩ ሰው መኖርን መርጦ እርሱም ቅቤውን ተቀባ። ነገሩ የመዋቢያ ብቻ አልነበረም። በደጋ ነፋስና ፀሐይ የደረቀ ቆዳ እርጥበቱን ያጣል፥ ይሰነጠቃል፥ ያሳክካል፤ ሲታከክ ይበልጥ ይቆስላል። ቅባት በላዩ ሲሆንበት የውስጡ እርጥበት እንዳይወጣ ይከለክላል። ችፌን የሚያክም የዛሬ ሐኪም ከመድኃኒቱ ሁሉ በፊት የሚያዘው ይህንኑ ነው፤ ገላ ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ጨርሶ ሳይደርቅ ቅባት መቀባት። አሜሪካዊው ቼዝብሮ በ1872 ቫዝሊንን ሲያስመዘግብ ያቀረበው ከነዳጅ ዘይት የተገኘ፥ የማይሸትና የማይበላሽ ቅባት ነው። ዛሬ በየቤታችን ቫዝሊን የቅቤን ቦታ ወስዷል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ቅቤውን የሚያስነቅፈው መቆየቱ ነው፤ የከረመ ቅቤ በቆሰለ ገላ ላይ ማድረግ ቁስሉን ማመርቀዝ ነው።

ስለ ሬት ብዙ መናገር አያስፈልግም። ልጅ ጡት ለማስጣል በጡት ጫፍ ሲቀባ መራራነቱን ያልቀመሰ ጥቂት ነው። የቅጠሉ ውስጥ ዝልግልግ ግን ቀዝቃዛ ስለ ሆነ የተቃጠለና የሚያሳክክ ቆዳን ያበርዳል፤ ከቅርፊቱ ሥር የሚወጣው ቢጫ ወተት ቆዳ ሊያስቆጣ ስለሚችል ይህን አስቀድሞ ማፍሰስ ይገባል። ዳማከሴም በምች ጊዜ ታሽቶ ይቀባል፥ ጭማቂውም በቡና ይጠጣል፤ ከንፈር ላይ ለሚወጣው ምች የሚሰጠው መጽናናት ከሽታው ጀምሮ ነው። ምች የሚባለው የከንፈር ሽፍታ ግን በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፥ ዳማከሴ ተደረገለትም አልተደረገለትም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ ይደርቃል። እንዲህ በራሱ የሚሄድ ሕመም ለመድኃኒት ስም ማትረፊያ ነው።

እንዶድ የተለየ ታሪክ አለው። ፍሬው ደርቆ ሲወቀጥ አረፋ ያወጣል፤ ሳሙና ሳይገባ ሸማችን የነጣው በእርሱ ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አዩ፤ ከዚህም ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አስታወቁ። በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። የቢልሃርዝያ ትል ከውሃ ወደ ሰው የሚገባው ቆዳ በስቶ ስለ ሆነ የሚገባበትን ቦታ ሊያሳክክ ይችላል፤ ነገሩ ከርእሳችን የራቀ አይደለም። እዚህም እንደ ቦኖሞ ታሪክ የሊቁ ዓይን ያረፈው ሴቶች በሚሠሩት ሥራ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ለሸማ የሚበጅ ሁሉ ለገላ አይበጅም። የእንዶድ ዱቄት አፍንጫንና ዓይንን የሚያቃጥል ኀይለኛ ነገር ነው፤ በችፌ በተላጠ ቆዳ ላይ ማሸት ሕመም መጨመር ነው።

ስለ ሎሚና ስለ ጤና አዳም ግን ጥቂት መቆየት አለብን፤ ጉዳታቸው ስለማይጠረጠር። ሎሚ ለቋቁቻና ለጭርት ተቆርጦ ይታሻል። ጤና አዳምም በስሙ ብቻ ሰውን ያስተማምናል፤ ከቡናው ሲኒ እስከ ሕፃን ራስ ድረስ ይገባል። ሁለቱም በውስጣቸው ከፀሐይ ጨረር ጋር ሲገናኝ ቆዳን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አላቸው። ሎሚ ተሻሽቶ ወይም የጤና አዳም ቅጠል በገላው ታሽቶ በቀትር ፀሐይ የወጣ ሰው፥ በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ቆዳው ይቀላል፥ ውሃ ይቋጥራል፥ ከዚያም ለሳምንታት የሚቆይ ጥቁር ጠባሳ ይተውበታል። ቤተሰቡም በሽታው ባሰበት ብሎ ሎሚውን ይደግምለታል። ነጭ ሽንኩርትም ተደቁሶ በቆዳ ላይ ታስሮ ሲያድር እንደ እሳት ያቃጥላል። «ካላቃጠለ መድኃኒት አይደለም» የሚለውን አስተያየት ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ለማሳከክ ግን ይህ ግልጽ ስሕተት ነው፤ የተቆጣ ቆዳ የሚፈልገው መብረድ እንጂ ሌላ ቃጠሎ አይደለም። ጭርት የሚድነው ፈንገሱን በሚገድል መድኃኒት ነው።

ፍል ውሃንም እንዲሁ በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። በፎገራ በኩል ያለው ወንዛጌ ከጥንት ጀምሮ ሕመምተኛ የሚጎርፍበት ነው፤ አዲስ አበባም ራሷ በ1886 እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ግርጌ ባለው ፍል ውሃ አጠገብ ቤት ባሠሩ ጊዜ የተቆረቆረች ናት። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ስለነዚህ ፍል ውሃዎች ታሪክ ጽፈዋል። ሙቅ ውሃ በሚያሳክክ ገላ ላይ ሲወርድ ለጊዜው ልዩ ደስታ ይሰጣል፤ ማሳከኩ የጠፋ ይመስላል። ነገር ግን ሙቀቱ የቆዳውን ቅባት አጥቦ ስለሚወስድ፥ ችፌ ያለበት ሰው ከሰዓታት በኋላ ከበፊቱ ይልቅ ያሳክከዋል። ከመታጠብ በኋላ የሚከተለው ቅቤ እንጂ ውሃው ብቻ አልነበረም የሚያድነው ብለን ብንፈርድ ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

የመጨረሻው የጓዳ መድኃኒት ድኝ ነው። በአገራችን ከአፋር ቆላ ሲወጣ የኖረው ይህ ቢጫ ማዕድን አንድ እጁ ለባሩድ፥ አንድ እጁ ለእከክ ነበር። ተፈጭቶ በቅቤ ይለወስና ልጁ በማታ ይቀባል። ሽታው ከባድ ነው፥ ልብስ ያበላሻል። ልማዱ የኛ ብቻም አይደለም፤ በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው ኬልሱስ ድኝን ከዝፍት ጋር ለእከክ አዝዟል። ከላይ የቆጠርናቸው ሁሉ ማሳከኩን ቢያስታግሡ ነው፤ ድኝ ግን ተባይዋን ራስዋን ይገድላል። ማንም ተባይዋን ሳያያት የሚገድላት መድኃኒት መገኘቱ፥ ሙከራ ለብዙ ትውልድ ሲደገም ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል ያሳያል። ጉድለቱ መጠኑ ነው። በዕፍኝና በጣት ጫፍ የተለካ ድኝ አንድ ጊዜ ያንስና ተባይዋን አይገድልም፥ አንድ ጊዜ ይበዛና ቆዳውን ይልጣል። የመድኃኒት ቤቱ ቅባት ከመቶ ከ5 እስከ 10 እጅ ድኝ ብቻ ያለበት ነው።

ይህ ሁሉ የጥንት ነገር ነው የሚል አንባቢ ቢኖር የ2015ን ድርቅ እንጠቁመዋለን። በዚያ ዓመት ኤልኒኖ ባመጣው ድርቅ በአማራ ክልል ውሃ ጠፍቶ እከክ እንደ ወረርሽኝ ተነሣ። በ68 ወረዳዎች ከ1.1 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ተመርምረው 379,000 ያህሉ እከክ ተገኘባቸው፤ ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። በመግቢያችን እከክ ወዲያው አይገድልም ብለን ነበር። እውነት ነው፤ ነገር ግን የታከከው ቁስል ለባክቴሪያ በር ይከፍታል፥ ከባክቴሪያውም አንዳንዱ የልጅን ኩላሊት እስከ መጉዳት ይደርሳል። ማታ ያልተኛ ልጅም ጧት ትምህርት አይገባውም።

ለዚያ ወረርሽኝ ከታዘዙት መድኃኒቶች መካከል ከፐርሜትሪንና ከአይቨርሜክቲን ጎን የድኝ ቅባት ነበረበት፤ ዋጋው ትንሽ ስለ ሆነና ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ስለማያሠጋ። ከአንገት በታች መላው ገላ፥ ለሕፃናት ግን ራስም ጭምር፥ በተከታታይ ሌሊቶች ይቀባል። «እከክልኝ ልከክልህ» የሚለው አነጋገር ዛሬ ለሌላ ጉዳይ ቢውልም፥ እከክ በእርግጥ የሚተላለፈው አብረው በሚተኙና በሚተቃቀፉ መካከል ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ሁሉ፥ ያላሳከከውም ጭምር፥ በአንድ ቀን መታከም አለበት፤ ተባይዋ ገላ ውስጥ ገብታ ማሳከክ እስኪጀምር ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላልና። የአልጋው ልብስና ሸማው በፈላ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ድርቅ ውሃውን ለወሰደበት ቤት ግን ልብሱን በከረጢት አስሮ ሦስት ቀን ማንም ሳይነካው ማስቀመጥ ይበቃል፤ ተባይዋ ከሰው ገላ ተለይታ ከዚያ በላይ ብዙ ጊዜ አትቆይም።